ውኃ ቀጂዋ ታሚት እና አፍንጫ ሰባሪው

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

«የድንጋይ ፊት!»

«ይነገረን በእውነት!»

በድሮ ጊዜ፣ የዓባይ ሙላት በጎደለ በአራተኛው ቀን፣ በምስር አገር አንዲት ውኃ ቀጂ ሞተች። ስሟ ታሚት ነበር። ዕድሜዋ ሰባ ነበር። አርባውን ዓመት ውኃ ስትቀዳ ኖረች። ፊቷ ግን በድንጋይ አልተቀረጸም።

ምስር ዛሬ ግብፅ የምንለው አገር ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች ስለ ፊት እንዲህ ይሉ ነበር። ሰው ሲሞት ነፍሱ ወፍ ትሆናለች። ወፏ ክንፍና ጅራት አላት። ጭንቅላቷ ግን የሰው ነው፤ የራሱ የሟቹ ጭንቅላት ነው። ቀን ቀን ትበራለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ማደሪያ ትፈልጋለች። ማደሪያዋ ምስሏ ነው። የራሷን ፊት የያዘ ምስል ካገኘች በአፍንጫው ትገባለች። እዚያ ሆና ትተነፍሳለች፤ የቀረበላትን ዳቦ ትበላለች። በሰባ ቀን ውስጥ ካላገኘች ነፋስ ትሆናለች። ነፋስ የሆነች ወፍ ደግሞ አትመለስም። ቢጠሯትም አትሰማም።

ለዚህ ነው በዚያ አገር ፊት የሚቀርጽ ሰው «አኗሪ» ይባል የነበረው።

ታሚት ውኃ ስትቀዳ የኖረችው ለአኗሪዎቹ ነው። ሥራ ቤታቸው ከወንዙ ዳር ነበር። ድንጋይ ሲጠረብ አቧራው ጉሮሮ ያደርቃል። ታሚት ጨርቅ በራሷ ጠምጥማ፣ እንስራዋን ከጨርቁ ላይ አስቀምጣ በቀን አሥር ጊዜ ትመላለስ ነበር።

ሄኑት የምትባል ልጅ አሳድጋለች። ሄኑት ከሆዷ የወጣች ልጇ አይደለችም። ወላጆቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ በወባ ሲሞቱ ታሚት አንሥታ ወሰደቻት። እንስራውን በራሷ፣ ልጅቱን በጀርባዋ ተሸክማ ስድስት ዓመት ተመላለሰች። ታሚት ስትሞት ሄኑት ሠላሳ ዓመቷ ነበር። ሥራዋም ድንጋይ ማለስለስ ነበር። አኗሪዎቹ ቀርጸው የጨረሱትን ምስል በእርጥብ አሸዋ እየፈተገች ታበራዋለች። መቅረጽ ግን አልተፈቀደላትም።

ታሚትን በአሸዋ ውስጥ ቀበሯት። ሄኑት ከቀብር ተመልሳ በቀጥታ ወደ አኗሪዎቹ አለቃ ሄደች። አለቃው ኢፑይ ይባላል።

«አለቃ፣ የእማማን ፊት ይቅረጹልኝ።»

ኢፑይ ግራ ቀኙን አየ። «ቀስ በይ! የምትይውን ታውቂያለሽ?»

«አርባ ዓመት ውኃዋን ጠጥተዋል።»

«ጠጥቻለሁ። የጠጣሁበት አንገት ግን አሁንም ያስፈልገኛል።»

አለቃው የፈራው በከንቱ አልነበረም። ምክንያቱ ንጉሡ ነበር። ንጉሡ ለዘላለም መኖር ፈለገ። መፈለጉ ክፋት የለውም፤ ሁሉም ሰው ይፈልጋል። እሱ ግን ብቻውን መኖር ፈለገ። ስለዚህ አዋጅ አስነገረ። «ከዛሬ ጀምሮ በምስር አገር ከእኔ ፊት በቀር ሌላ ፊት አይሠራ!» አለ።

አዋጁን የሚያስከብር አንድ ግዙፍ ፍጡር ከበረሃ አስመጣ። ቁመቱ የተምር ዛፍ ያህላል። መዶሻው ጎሽ ያህላል። ስሙ አፍንጫ ሰባሪ ነው። ምስሎችን ከሩቅ ያሸታል። የደረሰበትን ምስል አፍንጫ ይሰብራል። አፍንጫው የተሰበረ ምስል አይተነፍስም። የማይተነፍስ ምስል ውስጥ ደግሞ ወፍ አያድርም።

አፍንጫ ሰባሪው ፊት ለይቶ አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የንጉሡን ስም። የንጉሡ ስም በድንጋዩ ላይ በተቀረጸ ቀለበት ውስጥ ይጻፋል። ቀለበቱ ካለ መዶሻው ሳይመታ ይወርዳል፤ ከሌለ አፍንጫው ይወርዳል። ቀለበቱን የሚጽፈው ንጉሡ ብቻ ነበር፤ ከወገቡ በማይለየው የወርቅ መሮ። ሌላ ሰው ቢጽፈው እጁ ድንጋይ ይሆናል።

ኢፑይ ለሄኑት ከግድግዳው ላይ አንድ ሰሌዳ አውርዶ አሳያት። ሰሌዳው ላይ በቀይ መስመር የተከፋፈለ ፊት አለ። «ደግሞስ በምን እቀርጻለሁ?» አላት። «ቀይ ቀለም የነካ ክር ድንጋዩ ላይ እንወጥራለን። ክሩን ሳብ አድርገን እንለቀዋለን፤ መስመር ይወጣል። ዓይን በዚህኛው ሳጥን፣ አፍ በዚያኛው። እኛ የምናውቀው ይህን አንድ ፊት ነው። እጃችን ሌላውን ረስቶታል።»

ሰሌዳው የተሠራው ንጉሡ በነገሠ ጊዜ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር። አሁን አርባ ስምንት ሆኖታል። ሰሌዳው ግን ሃያ ላይ ቆሟል።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ሄኑት ከሥራ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ሳለ አንድ ነገር ከላይ ተናገራት።

«አንቺ ልጅ፣ እህል ቀምሰሻል?»

ቀና አለች። ግድግዳው ላይ ግራጫ ወፍ ቆማለች። ጭንቅላቷ ሎሚ ያህላል። የታሚት ጭንቅላት ነው፤ ጥምጥሙ ሳይቀር።

«እማማ!»

«ማን መሰለሽ? ዝይ?»

«ክንፍ አወጣሽ!»

«አወጣሁ። አርባ ዓመት እንስራ ተሸክሜ ስንገዳገድ ያልሰጡኝን ዛሬ ሰጡኝ። ምን ይባላል?» አለችና ክንፏን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ ማደሪያ የለኝም። ፀሐይ ስትጠልቅ ይበርደኛል። ትናንት ከቀኝ ክንፌ አንዲት ላባ ነፋስ ሆና ሄደች። ስልሳ ስምንት ቀን ቀርቶኛል።»

ሄኑት ተነሣች። «ፊትሽን እሠራለሁ» አለች።

«ከምን?»

ሄኑት የምትሠራበትን ፍለጋ ወደ ወንዙ ወረደች። ዳር ላይ ቆማ ስታስብ አንዲት እንቁራሪት ከሸምበቆ ወጣች።

«ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለች እንቁራሪቷ።

«የታሚትን ፊት የምሠራበት አጣሁ።»

«የታሚት? በበጋ ኩሬዬ ሲደርቅ ከእንስራዋ የምታፈስልኝ ታሚት? ልጆቼ ሁሉ ያደጉት በእሷ ውኃ ነው። ቆዪ።»

ጠልቃ ገባች። ስትወጣ ጉንጯን ሞልታ ለስላሳ ጥቁር ጭቃ አመጣች። መቶ ጊዜ ጠለቀች፤ መቶ ጊዜ ወጣች። ሄኑትም ከጭቃው የታሚትን ፊት ሠራች። በፀሐይ አደረቀችው። በሃያኛው ቀን አለቀ።

በዚያው ቀን መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አፍንጫ ሰባሪው መጣ።

«የጭቃ ትንፋሽ ሸተተኝ! ስም አለው? የለውም!»

መዶሻውን እንኳ አላነሣም። በጣቱ ኮረኮመው። አፍንጫው ወደቀ፤ ፊቱም ተፈረካከሰ።

ወፏ ወርዳ ስብርባሪውን አየች። «ጥሩ ነበር» አለች። «ጆሮዬ ልክ ነበር።» ከጅራቷ ሦስት ላባ ነፋስ ሆኖ ሄዷል።

ሄኑት እንደገና ወደ ወንዙ ወረደች። አንድ ሽማግሌ አዞ አሸዋው ላይ ተኝቶ ነበር። ሄኑት ወደ ኋላ ሸሸች።

«አትሽሺ። ምሳ በልቻለሁ» አለ አዞው። «ታሚት የት ጠፋች?»

«ሞተች።»

አዞው ዓይኑን ጨፈነ። «ሌሎች ቀጂዎች ሲያዩኝ ድንጋይ ይወረውራሉ። እሷ አርባ ዓመት ሙሉ ‹ደህና አደርክ ወይ› ስትለኝ ኖረች። ከጠፋች ወዲህ ማንም ደህና አደርክ ብሎኝ አያውቅም። ምን ልርዳሽ?»

«ፊቷን የምሠራበት እፈልጋለሁ።»

አዞው ሄዶ ከወንዙ ሥር የሰጠመ የሾላ ግንድ በጥርሱ እየጎተተ አወጣ። ሄኑት ግንዱን ጠረበች። በአርባኛው ቀን ፊቱ አለቀ። ፊቱን በገለባ ክምር ውስጥ ደበቀችው።

አፍንጫ ሰባሪው ግን ደረሰ። «የሾላ ትንፋሽ ሸተተኝ! ስም አለው? የለውም!» አለ። በመዶሻው መታው። እንጨቱ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ከዚያ ጎንበስ አለ። ትልቁን ፊቱን ወደ ሄኑት አስጠጋ። «ለሦስተኛ ጊዜ ካገኘሁ የምሰብረው የምስሉን አፍንጫ አይደለም» አላት። የእሷን አፍንጫ አተኩሮ አየው። ከዚያ ወደ ደቡብ ከተሞች ሄደ። እዚያ የሃያ ስምንት ቀን ሥራ ነበረው።

ወፏ በዚያ ቀን መብረር አልቻለችም። እየዘለለች መጣች። ግማሽ ላባዋ የለም።

«ልጄ፣ ተዪው። አፍንጫሽ ያምራል፤ ይትረፍልሽ» አለች።

«አልተውም እማማ።»

«ግትር ነሽ። ማን አሳደገሽ?»

«አንቺ።»

«እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ታሚት፤ ሳቀችም።

ይህን ሁሉ አንድ አህያ ቆሞ ይሰማ ነበር። አህያው ለአኗሪዎቹ ድንጋይ የሚጎትት ነው። ወደ ሄኑት ቀረብ አለ።

«ጀርባዬ ሲቆስል በየቀኑ የምታጥበኝ ታሚት ነበረች» አለ። «ባለቤቴ እስከ ዛሬ ቁስሉ በራሱ የዳነ ይመስለዋል። ስሚኝ። ከድንጋይ ማውጫው መንገድ ዳር፣ ከቋጥኞቹ ጀርባ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ ወድቋል። ከሦስት ዓመት በፊት ከእኔ መጎተቻ የወደቀ ነው። ማንም አልፈለገውም። ነይ፣ አሳይሻለሁ።»

ድንጋዩ የሰው ግማሽ አካል ያህላል። ጥቁር ነው፤ ጠንካራ ነው። ሄኑት የመዳብ መሮዋን አሳረፈችበት። መሮው ተጣመመ። ሁለተኛ መሮ ሞከረች፤ እሱም ተጣመመ።

ያን ጊዜ ወፏ ወደ ወንዙ ሄደች። ለመብረር አቅም ስላልነበራት በእግሯ ነበር የሄደችው። በአፏ አንዲት ጠብታ ውኃ ይዛ ተመለሰች። ጠብታዋን ድንጋዩ ላይ ጠብ አደረገች። ጠብታዋ ያረፈችበት ቦታ እንደ ቅቤ ለሰለሰ።

«አየሽ?» አለች ታሚት። «ሥራዬን አልረሳሁም።»

እንዲህ ሆነው ሠሩ። እናት ውኃ ትቀዳለች፤ ልጅ ትቀርጻለች። ሄኑት ክር አልወጠረችም፤ ቀይ መስመርም አላሰመረችም። ዓይኗን ጨፍና በእጇ አስታወሰች። ሕፃን ሳለች ከታሚት ጀርባ ሆና እጇን ወደ ፊት እያዞረች ፊቷን ትዳስስ ነበር። ስድስት ዓመት በየቀኑ ዳስሳዋለች። እጇ አልረሳውም።

ወፏ ግን ዝም አላለችም።

«ግንባሬ ላይ ይህን ሁሉ ሽብሽብ ለማውጣት ምን አስቸኮለሽ? ትንሽ ወጣት ብታደርጊኝ ምን አለ?»

«ወጣት ካደረግኩሽ አንቺ አትሆኚም።»

«ጉንጬንስ ትንሽ ሞላ ብታደርጊው?»

«እማማ!»

«እሺ፣ እሺ። ተሳስቼ የሌላ ሰው ቤት ከምገባ ይሻላል።»

በስልሳ ስድስተኛው ቀን ፊቱ አለቀ። ሄኑት በአሸዋ ፈትጋ አበራችው። ሰፊ አፍንጫ፣ የደከሙ ዓይኖች፣ ሊስቅ የተዘጋጀ አፍ፣ በራሱ ላይ ወፍራም ጥምጥም። ምስሉ ግን ገና አፉ አልተከፈተም። በዚያ አገር ካህን መጥቶ በትንሽ መጥረቢያ ከንፈሩን ካልነካው ምስል ሥራ አይጀምርም። ካህናቱ ሁሉ ደግሞ የንጉሡ ናቸው። አፍንጫ ሰባሪውም ሊመለስ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«አሁንስ?» አለ አህያው።

ሄኑት አሰበች። ስለ ንጉሡ የምታውቀውን አንድ በአንድ አሰበች። ንጉሡ አንድ ልማድ ነበረው። የጥንት ነገሥታት ምስል ሲያገኝ ስማቸውን አስፍቆ የራሱን ይጽፋል። ፊቱን አይነካውም። «ስም ነው ሰውየው» ይላል። በአገሩ ሁሉም ሰው ይህን ይቀበላል። ካህናቱም ይቀበላሉ።

«ንጉሡ በሰባኛው ቀን ከበረሃ አደን በዚህ መንገድ ይመለሳል» አለች ሄኑት። «ምስሉን አህያው ይጎትተዋል፤ ከመንገዱ መሐል ቀብረን አሸዋ እናለብሰዋለን፤ አሸዋው ሽታውን ይሸፍንልናል። እሱ ራሱ ያገኘዋል። ስሙን ይጽፍበታል።»

ወፏ ደነገጠች። «ስሙን ከጻፈበት የእሱ ሆነ ማለት ነው!»

«እማማ፣ ማንበብ ትችያለሽ?»

«እኔ? ከእንስራ ስንጥቅ በቀር ምን አንብቤ አውቃለሁ?»

«ፊትሽንስ ታውቂዋለሽ?»

«አርባ ዓመት ለመቅዳት ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ውኃው ውስጥ ሳየው!»

«እንግዲያው ስሙ ምን ያደርግሻል?»

ታሚት አሰበች። «እንጃ ልጄ» አለች። «ይህን ከዚህ በፊት የሞከረ ሰው አልሰማሁም።»

እውነቷን ነው። የሞከረ አልነበረም።

ሰባኛው ቀን ደረሰ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ንጉሡ በመንገዱ መጣ። ከኋላው ካህኑ፣ አለቃ ኢፑይና አፍንጫ ሰባሪው ነበሩ። አህያው ከመንገዱ መሐል ቆሟል። ሄኑት ከጎኑ ቆማለች። ወፏ ከቋጥኝ ጀርባ ተሸሽጋለች። ሁለት ላባ ብቻ ቀርቷታል።

«ይህን አህያ አንሡልኝ!» አለ ንጉሡ።

አህያው አልተነሣም። በኮቴው መሬቱን ጫረ። አንዴ ጫረ፤ ሁለቴ ጫረ፤ በሦስተኛው ጥቁር ራስ ብቅ አለ።

አፍንጫ ሰባሪው አየሩን ሳበ። «የድንጋይ ትንፋሽ ሸተተኝ! ስም አለው? የለውም!» መዶሻውን አነሣ።

ሄኑት ከመንገዱ ዘወር አለች። «ስበረው» አለች። «ጃንሆይ ምስል ሞልቷቸዋል። አንድ የቆየ ምስል ቢቀርባቸው ምን ይጎድላቸዋል?»

«ቆይ!» አለ ንጉሡ። መዶሻው አየር ላይ ቆመ። «የቆየ አልሽ? ምን ያህል የቆየ?»

«እኔ ድንጋይ የማለሰልስ ሴት ነኝ ጃንሆይ። ምን አውቃለሁ? አለቃውን ይጠይቁ።»

ሁሉም ወደ ኢፑይ ዞሩ። ኢፑይ ወደ ምስሉ ቀረበ። ተንበርክኮ አሸዋውን ከፊቱና ከደረቱ ላይ ጠረገ። የታሚትን ፊት ለየው። አንድ ቃል ቢናገር ሄኑትም አለቀላት፤ ታሚትም አለቀላት።

«ይህን ፊት ታውቀዋለህ?» አለ ንጉሡ።

ኢፑይ ወደ ንጉሡ ዞረ። «አውቃቸዋለሁ ጃንሆይ» አለ። «የቆዩ ናቸው። ሲያገለግሉ ነው የኖሩት። ብዙ ሰው በእሳቸው ጠጥቶ አድሯል።»

«በራሱ ላይ ያለው የንጉሥ ነው?»

«ከባድ ነገር የተሸከመ ሰው ራሱ ላይ የሚጠመጥመው ነው።»

«ዘውድ ከባድ ነው» አለ ንጉሡ፤ ራሱን ነቀነቀ። «ጢሙስ የት አለ?»

«ጢም አይታይባቸውም ጃንሆይ።»

«ተሰብሮ ይሆናል» አለ ካህኑ።

አፍንጫ ሰባሪው መዶሻውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ምስሉን አየ። ንጉሡንም አየ። «ግን ጃንሆይን አይመስልም» አለ።

ንጉሡ ተቆጣ። «አንተ ሰባሪ ነህ ወይስ ዳኛ? ስሜ ያለበት ሁሉ እኔን ይመስላል!» የወርቅ መሮውን ከወገቡ መዘዘ። በምስሉ ደረት ላይ ቀለበቱን ቀረጸ። በቀለበቱ ውስጥ ስሙን ጻፈ። «ካህን፣ አፉን ክፈት! በየቀኑ ሦስት ዳቦና አንድ እንስራ ውኃ ይቅረብለት። አንተም» አለ ወደ አፍንጫ ሰባሪው ዞሮ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ምስል ጠብቅ። የነካውን ሰው አፍንጫውን በለው።»

ካህኑ በትንሹ መጥረቢያ የምስሉን ከንፈር ነካ። ዳቦው ቀረበ፤ ውኃው ቀረበ። ንጉሡና ሰዎቹ መንገዳቸውን ቀጠሉ። አፍንጫ ሰባሪው ከምስሉ ጀርባ ተቀመጠ። ሄኑትና አህያው ከመንገዱ ማዶ ቆሙ።

ፀሐይዋ የቋጥኞቹን ጫፍ ነካች። ወፏ ወጣች። አንድ ላባ ብቻ ነበራት። እየዘለለች ወደ ምስሉ ቀረበች። አፍንጫ ሰባሪው ዝም አላት፤ ወፍ እንዳይነካው አልታዘዘም።

የተጻፈው ስም አፍ አውጥቶ ጮኸ። «የንጉሡ ነኝ! የንጉሡ ነኝ!»

«ምን ይለፈልፋል ይሄ?» አለች ታሚት። ቀና ብላ ፊቱን አየች። ብዙ አየችው። ፀሐይዋ ግማሽዋ ጠለቀች።

«ግባ እንጂ እማማ! ግቢ!» አለች ሄኑት፤ ከጭንቀቷ ብዛት ቃሉ ተሳሳተባት።

«ቆዪ ልጄ፣ ሰው ፊቱን ሲያይ አያጣድፉትም» አለች ታሚት። «ውይ፣ አርጅቻለሁ!»

ይህን ብላ በአፍንጫው ገባች። ስሙ ጸጥ አለ። የድንጋዩ ደረት ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ዳቦው ጨው ያንሰዋል። ውኃው ግን ጥሩ ነው። ማን ነው የቀዳው? እግዜር ይስጠው!»

ሄኑት ከመንገዱ ላይ ተንበረከከች። ግንባሯን መሬት አስነካች። «እማማ፣ ስድስት ዓመት አዝለሽኛል። ለዚህ የሚሆን ቃል የለኝም» አለች።

«ሠርተሽልኛል እኮ። ቃል ለምን ትፈልጊያለሽ?» አለች ታሚት። «ተነሺ፤ ጉልበትሽ ይቆሽሻል። ከዳቦው ለአህያው ቁረሺለት። ለእንቁራሪቷም ፍርፋሪ ውሰጂላት። አዞውንም ስታገኚው ደህና አደርክ በይው።»

ሄኑት እንደተባለችው አደረገች። ኢፑይን በማግሥቱ ከሥራ ቤቱ አገኘችው። እጁን ሳመች። ኢፑይም አንድ መሮ ሰጣት። «እጅሽ የሚያስታውስ ከሆነ እጃችንን አስተምሪልን» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኗሪ ሆነች።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የንጉሡ ካህናት ለጥቁሩ ምስል ከስምንት ሺህ እንስራ በላይ ውኃ ተሸክመው አቀረቡ። ታሚት በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንኳ ውኃ የቀዳላት ሰው አልነበረም። በየቀኑ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ካህናቱ ምስሉ ጸሎት የሚያደርስ ይመስላቸው ነበር።

ከዚያ ንጉሡ ሞተ። ሰባ ዓመቱ ነበር። ወፍ ሆኖ ወጣ። ጭንቅላቱ የሰባ ዓመት ሰው ጭንቅላት ነው። ጉንጩ ወርዷል። ጆሮዎቹ ትልልቅ ናቸው። ከአፍንጫው አጠገብ ኪንታሮት አለው።

በአገሩ ሁሉ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ምስሎች ነበሩት። ወደ መጀመሪያው በረረ። «የንጉሡ ነኝ!» አለ ስሙ። ንጉሡ ቀና ብሎ አየ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው። «ይህ ማን ነው?» አለ። ሊገባ ሞከረ፤ አፍንጫው አልተከፈተለትም። ወደ ሁለተኛው በረረ። ያው ጎረምሳ ነው። ወደ ሦስተኛው በረረ። ያው ነው። አንድ ሺህ ሁለት መቶውንም ዞረ፤ ከፊሉ ያው ጎረምሳ፣ ከፊሉ የጥንት ንጉሥ ነበር። ስሙን በሁሉም ላይ አነበበ። ፊቱን ግን አንዱም ላይ አላገኘም።

በመጨረሻ ወደ ጥቁሩ ምስል መጣ። ስሙ እዚያም አለ። አፍንጫውን ቆረቆረ።

«ሰው አለ!» አለች ታሚት ከውስጥ።

ንጉሡ አዘነ። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በስልሳ ዘጠነኛው ቀን በሄኑት ሥራ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ላባ ብቻ ቀርቶት ተቀምጦ ያዩት አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አላየውም። የአገሩ ሰው ነፋስ ሆነ አለ።

ልጆች፣ ከዚህ የምንማረው ይህ ነው። የተሸከማችሁን ሰው ፊቱን አትርሱ። ያጠጣችሁን ሰው ስታመሰግኑት በቃል ብቻ አይሁን፤ በእጃችሁም አመስግኑት። በትእዛዝ ስም ይጻፋል፤ ፊት ግን በትእዛዝ አይታወስም።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ግን ለውኃ ቀጂዋ አድርሱልኝ።

ቆዩ፤ ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ነገር ቀርቷል። ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ሰዎች ያንን አሸዋ ቆፈሩ። ጥቁሩን ምስል አገኙት። የንጉሥ ስም ያለው የአሮጊት ፊት ነው። ከምስሉ ጎን ደግሞ መዳፍ የምታህል አንዲት የሸክላ ፊት ነበረች። የሽማግሌ ፊት ናት። ጉንጩ የወረደ፣ ጆሮው ትልቅ፣ ከአፍንጫው አጠገብ ኪንታሮት ያለበት። ስም አልተጻፈባትም። ከጀርባዋ የአውራ ጣት አሻራ አለ። አሻራው መስመር የለውም፤ ልሙጥ ነው። ድንጋይ በአሸዋ ሲፈትግ የኖረ ሰው ጣት እንዲያ ነው።